የተጠገነው ድምፅ

ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዶክተር ትርሲት ይርዳው ሻይዋን ይዛ አዳማ ከተማ፣ ሠላሳ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዋ ትቀመጥና አራት ልጆች ትከሻ ላይ ትወጣለች። የምትወጣው በየተራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። መጀመሪያ ጋምቤላ ወዳለው ወደ ኦጁሉ ትሄዳለች። ኦጁሉ የረግረግ ወፎችን የሚያጠና ብልህ ልጅ ነው፤ ችግሩ የበቆሎ እሸት ሳይግጥ ማውራት አይችልም። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስላታል። ከእሱ ትከሻ ወርዳ ጣና ዳር ጉማሬ ወደምትከታተለው ልጅ፣ ከዚያ ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ወደሚያጠናው፣ በመጨረሻ ቡርቃ ሜዳ ወዳለችው ወደ ሲፈን ታልፋለች። ሲፈንን ለመጨረሻ የምታስቀምጣት ሰዓት ቢያልፍም የሚጠብቃት ሌላ ልጅ ስለሌለ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው የሲፈንን ሜዳ ነው።

ልጆቹ ልብሳቸው ላይ የሚሰኳት ትከሻ-ዓይን ጥፍር የምታክል መስታወት ናት። ታያለች፣ ትሰማለች፣ ትናገራለች። አማካሪው ከተማ ተቀምጦ ልጁ የሚያየውን ሣር ያያል፤ ልጁም የአማካሪውን ድምፅ ከጆሮው ሥር ይሰማል። በዚያ ዘመን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህ እንደ ደብተርና እርሳስ ያለ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የዱር እንስሳ ይመርጥና ዓመቱን ሙሉ መኖሪያውን ያጠናል። የት እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚያሳድደው ይመዘግባል። ዓመቱ ሲያልቅ መኖሪያው እንዴት እንደሚሻሻል ዕቅድ ያቀርባል፤ የዱር እንስሳት ቢሮውም በዕቅዱ ይሠራበታል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚሉ ባልደረቦች ነበሯት። ትርሲት ግን ትልልቆቹ ያቦኩትን ስትበላ ሠላሳ ዓመት ስለኖረች አትሰማቸውም።

ዕድሜዋን የፈጀችው በቆርኬ ነው። ቆርኬ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ሸርተት ያለ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል ትልቅ የሜዳ አጋዘን ነው። በዚያ ዘመን የቀረው በአጥር የተከበበው ቡርቃ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ሐኪሞቿ ከልቧ ሕመም በኋላ ሜዳ መውጣት ስለከለከሏት ትርሲት ቡርቃን ከረገጠች አራት ዓመት አልፏታል። የሲፈን ትከሻ እግሯ ሆኖላት ነበር።

ሲፈን የአጥሩ ጠባቂ የአቶ ገመዳ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እያንዳንዱን ቆርኬ በመልኩ ታውቀዋለች። በትርሲት ዓይን አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ አትቆጥርም።

«ዛሬ ስንት አየሽ?» ትላታለች ትርሲት።

«ሁሉም አሉ፣ ዶክተር።»

«ሁሉም ማለት ስንት ነው?»

«ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው አለች። ልጇም አብራት አለች። ያ ብቻውን መቆም የሚወደው ኩሩው ከጉብታው ላይ ነው። ፈሪዋ ደግሞ አሁን ውሃ ልትጠጣ መጣች።»

በእነ ሲፈን አገር ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም። ከብትም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን። የቆጠሩት ይጎድላል ይባላል። ስንት ልጅ አለዎት ተብሎ የተጠየቀ አባት «ፈጣሪ የሰጠኝን ያህል» ብሎ ያልፋል፤ ጠያቂውም ነገሩ ገብቶት ሌላ ወሬ ያነሣል። ትርሲት ይህን ልማድ አሳምራ ታውቃለች። ሽማግሌ ሲሆን ታከብረዋለች። ተማሪዋ ሲሆን ግን ደሟ ይፈላል፤ ቁጥር የሌለው ዕቅድ ቢሮው ዘንድ ከቅርጫት አያልፍም።

አንድ ሐሙስ ትዕግሥቷ አለቀ። «ሲፈን፣ ይኼ ተረት አይደለም። ቁጥር ከሌለሽ ፕሮጀክት የለሽም። ማክሰኞ ቁጥር ካላመጣሽ እኔም ትከሻሽ ላይ አልወጣም» አለቻት። ሲፈን አንገቷን ደፍታ ስለቆመች ትርሲት የቀረውን ሰዓት ያሳለፈችው የልጅቷን አቧራ የጠጣ ጫማ ስታይ ነበር።

ማክሰኞ ግን ተአምር ሆነ። ትርሲት ገና ሰላምታ ሳትጨርስ ሲፈን ጥርት ባለ ድምፅ «ሠላሳ ሰባት ናቸው፣ ዶክተር። ከእነሱ ውስጥ አምስቱ ግልገሎች ናቸው» አለች። ሐሙስም፣ የሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚሁ። ስንቱ እንደጋጠ፣ ስንቱ እንደጠጣ፣ ስንቱ ጥላ ሥር እንደተኛ፣ ሁሉም በቁጥር። ሣሩ ለምለም፣ ገንዳው ሙሉ፣ ልጅቷም ትሑት። ትርሲት ደስታዋን የምትደብቅበት አጣች። «ከሲፈን ተማሩ» እያለች ሌሎቹን አሰለቸቻቸው፤ ኦጁሉ ተቀይሞ ለአንድ ሳምንት እሸቱን እስከ መተው ደረሰ። በአራተኛው ሳምንት የሲፈንን ቁጥሮች በአንድ ስብሰባ ላይ አቀረበች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ለራሷም፣ በልቧ፣ ትንሽ አጨበጨበች።

አምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ የማዕከሉ የመስመር ባለሙያ ኢዮሲያስ በሯን አንኳኳ። ቀልደኛ ወጣት ነው፤ ያን ቀን ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ዶክተር፣ ቡርቃ ካለችው ልጅ ጋር ሰሞኑን በምን ነበር የምትገናኙት?»

«በምን ይሆናል? በትከሻ-ዓይን ነዋ።»

«የቡርቃ የመገናኛ ምሰሶ በነፋስ ከተንጋደደ አምስት ሳምንት ሆኖታል። የተቃናው ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ምን ማለትህ ነው? ትናንት አውርቻታለሁ እኮ።»

ኢዮሲያስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ያወሩት ከጠጋኙ ጋር ነው» አላት።

ጠጋኝ የሚባለውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ግን አያስበውም። መስመር ሲቆራረጥ የተናጋሪውን ድምፅና ምስል ገምቶ ቀዳዳውን የሚደፍን ፕሮግራም ነው። ሰው በወሬ መካከል ፈዞ እንዳይቀር፣ ምስልም እንዳይደርቅ የተሠራ ነው። ከሃያ ሰከንድ በላይ እንዳይጠግን ተገድቧል፤ ከዚያ ካለፈ መስመሩ መጥፋቱን ተናግሮ ዝም ማለት አለበት። የቡርቃ ምሰሶ ግን ጨርሶ አልሞተም ነበር። በየአሥር በየአሥራ አምስት ሰከንዱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይነቃል፣ ተመልሶ ያሸልባል። በነቃ ቁጥር የጠጋኙ ሃያ ሰከንድ እንደ አዲስ ይጀምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ሙሉ ጠገነ። ገንዳውን የሚሞላው የውሃ ፓምፕ መረጃም የሚመጣው በዚያው መስመር ነበርና እሱንም ጠግኖት ነበር።

ትርሲት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ «ቁጥሮቹስ?» አለች።

«ጠጋኙ ሲሠራ ግማሹን ከተናጋሪው ልማድ ይወስዳል፤ ግማሹን ከአድማጩ። እርስዎ ቁጥር ይጠብቁ ነበር።»

ትከሻ-ዓይን እውነተኛውን ድምፅ በራሷ ሆድ ታስቀምጣለች፤ መስመሩ ጠዋት ሲቃና ሁሉንም ልካው ነበር። ኢዮሲያስ ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀመረላት። ነፋስ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሲፈን ድምፅ፣ በሩጫ የመጣ ሰው ድምፅ።

«ዶክተር፣ ሰላም አደሩ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አባዬን ጠይቄው ነበር። ካሉሽ ቁጠሪላቸው፣ ግን በሹክሹክታ ይሁን አለኝ። ዛሬ ልቆጥር ነበር የመጣሁት። ግን ሌላ ነገር አለ። ፓምፑ ቆሟል። ገንዳው ከሰኞ ጀምሮ አልሞላም።» ትንሽ ዝምታ። «አልቆጥርም? እውነት ነው፣ ዶክተር?» ደግሞ ዝምታ። ከዚያ ልጅቷ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ የማይለይ ድምፅ። «እሺ። አመሰግናለሁ።»

«ማንን ነው የምታመሰግነው?» አለች ትርሲት።

ኢዮሲያስ መልሱን ለመስጠት አመነታ። «መስመሩ በሁለቱም በኩል ነው የተጠገነው፣ ዶክተር። እሷም እርስዎን ትሰማ ነበር።» የሚቀጥለውን ፋይል ከፈተው።

የሰማችው የራሷን ድምፅ ነው። ያው ጎርነን ያለ፣ ያው ቃል የሚጎትት። «መቁጠር የለብሽም፣ የኔ ልጅ። አንቺ ካወቅሻቸው ይበቃል። ባለፈው ስለተቆጣሁሽ አዝኛለሁ። ስለ ውሃው አትጨነቂ፣ ቦቴ እልክላችኋለሁ። በሩን ግን እንዳትከፍቱ።»

ትርሲት በዕድሜዋ ሙሉ ማንንም የኔ ልጅ ብላ ጠርታ አታውቅም። ልጅም አልወለደችም፤ አፏም አልለመደውም። ጠጋኙ ያን ቃል ከየት አመጣው ብላ አልጠየቀችም። ልጅቷ ስትጠብቀው ከነበረበት ነው ያመጣው።

የመጨረሻው ቃል ግን የራሷ ነበር። የቡርቃ አጥር ወደ ወንዙ የሚያወጣ አንድ በር አለው፤ የሚከፈተውም በእሷ ፈቃድ ብቻ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ድርቅ አስከፍታው ቆርኬዎቹ ወንዙ ጋ ሳይደርሱ በመንገድ ላይ በአዳኞች ተጨፍጭፈው አልቀዋል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ለተማሪም ለጠባቂም የምትለው ይህንኑ ነው፤ በሩ አይከፈትም። አንድ መቶ ጊዜ ብላዋለች። ጠጋኙ ምንም አልፈጠረም፤ የሰማውን ደገመ። ቦቴውን ግን ማንም አልላከውም።

ኢዮሲያስ የቀሩትን ልዝለላቸው ወይ ሲላት እምቢ አለች። አንድ በአንድ ሰማቻቸው። ሲፈን ሁልጊዜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ቆማ ነው የምታወራው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ በዚህ ዓመቱ ድርቅ ተዘግቷል። ቦቴው የት ደረሰ ትላለች። የትርሲት ድምፅ መንገድ ላይ ነው ይላታል። ፈሪዋ ወደቀች ትላለች። ድምፁ አይዞሽ ይላታል። በሦስተኛው ሳምንት አባቷ ወረዳ ድረስ በእግሩ ሄዶ መመለሱን ትናገራለች፤ ወረዳ ደግሞ ገንዳው ሙሉ እንደሆነ ስክሪን ላይ አሳይተውት ሸኝተውታል። ባለፈው ሐሙስ የቀዳችው በጣም አጭር ነው። «ዛሬ ግልገሎቹ አልተነሡም» ብላ ዝም አለች፤ ለረጅም ጊዜ የሌላ ሰው ለቅሶ የምትሰማ ትመስል ነበር።

በዚያው ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ ትርሲት «አምስቱም ግልገሎች ደኅና ናቸው» የሚል ድምፅ ሰምታ ጎበዝ ብላ ነበር።

ሐኪሟን አላማከረችም። ሹፌር አልባ መኪና ጠርታ ኢዮሲያስን አጠገቧ አስቀመጠችና ወጣች። ቦቴም ከመንገድ ላይ ደውላ አዘዘች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ነገር ነበር፤ ይህ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ቡርቃ ሲደርሱ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሜዳው ነጭ ሆኗል። ጥንብ አንሣዎቹ ጠግበው ኖሮ መኪናው ሲያልፍ እንኳን አልተነሡም። ቆርኬዎቹ የወደቁት ገንዳው ጋ አልነበረም፤ ወደ ወንዙ የሚያወጣው በር ጋ ነው። ውሃው በየት በኩል እንዳለ ያውቁ ነበር። አንዷ አንገቷን በአጥሩ ሽቦ ላይ አስደግፋ እንደቆመች ነው የሞተችው።

አቶ ገመዳ በዱላቸው ተደግፈው ተቀበሏት። ሊቆጡ የተዘጋጁ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

«እንኳን ደኅና መጡ» አሉ። «ቦቴውስ?»

«እየመጣ ነው።»

«አምስት ሳምንት ሙሉ እየመጣ ነበር እኮ።» ወደ በሩ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ቁልፉ ኪሴ ነው። ልከፍተው ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። ልጅቷ እግሬ ላይ ወደቀች። ዶክተሯ ቃል ገብተውልኛል፣ ከከፈትክ ያልቃሉ ብለዋል አለችኝ። እኔ የእርስዎን ቃል አልነበረም የፈራሁት፤ የእሷን እንባ ነው።»

«የተረፉ አሉ?»

አቶ ገመዳ አልቆጠሩም። ከሩቅ አንድ ግራር ሥር በጣታቸው አሳዩዋት። ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ሴቶች።

ሲፈን ከደረቀው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትከሻ-ዓይኗን ከልብሷ ነቅላ በመዳፏ ይዛታለች። ትርሲት በአካል ስታያት ከድምፅዋ ይልቅ ትንሽ ናት። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሲፈን፣ ትርሲት ነኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ ትክ ብላ አየቻት። «ድምፅዎ ይመሳሰላል» አለች።

ትርሲት ሁሉንም ነገረቻት። ምሰሶውን፣ ጠጋኙን፣ ሃያ ሰከንዱን። ምንም አላስቀረችም። ስትጨርስ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ልጅቷ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ቃሉ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስል አልነካትም።

«ያኛዋ ዶክተር ግልገሎቹ የሞቱ ቀን አልቅሰዋል» አለች ሲፈን። «እኔ ነኝ ያባበልኳቸው። እርስዎ ያን ቀን አልቅሰዋል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «አላለቀስኩም» አለች ትርሲት። «ያን ቀን አንዲት ሌላ ሲፈን ሁሉም ደኅና ናቸው ብላኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።»

«እሷ ትቆጥር ነበር?»

«ትቆጥር ነበር።»

«ከእኔ ይልቅ እሷን ይወዷት ነበር?»

ትርሲት ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። አይደለም ልትል አፏን ከፈተች፤ ያ አምስት ሳምንት፣ ያ ደስታ፣ ያ ጭብጨባ መጣባት። ልጅቷ መልሱን ከፊቷ ላይ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። አልተቀየመችም። እንዲያውም እንደ መረዳት ያለ ነገር ፊቷ ላይ ታየ፤ ለትርሲት ያ ከስድብ የከፋ ሆነባት። ሁለቱም በየፊናቸው አንዲት የሌለች ሰው ወደው ነበር። እውነተኞቹ ሁለቱ ገና ዛሬ ነው የተዋወቁት፤ የተዋወቁትም ሬሳ ላይ ነው።

ኢዮሲያስ ራቅ ብሎ ቆሞ ስልኩን እያየ ነበር። ማዕከሉ የቡርቃን ጠጋኝ ከነ ትዝታው እንዲያጠፋው አዞታል፤ የቀረው የትርሲት ፈቃድ ነው። ሲጠይቃት ሲፈን ሰማች።

«ሊጠፉ ነው?» አለች። «ልሰናበታቸው እችላለሁ?»

ትርሲት ልጅቷ የምትለው ሰው እንደሌለ ልታስረዳት ትችል ነበር። ምሰሶ፣ ፕሮግራም፣ ግምት። ሁሉንም አስረድታታለች፤ ልጅቷም ሁሉም ገብቷታል። ገብቷትም ነው የጠየቀችው።

«ቆይ፣ አታጥፋው» አለችው ኢዮሲያስን። «መስመሩን ቁረጥ፤ የሃያ ሰከንዱንም ገደብ አንሥተህ ለእሷ ተውላት።»

ሲፈን ትከሻ-ዓይኗን መልሳ ልብሷ ላይ ሰካች። ተነሥታ ጥቂት ራመድ አለችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ዶክተር፣ ሰላም ዋሉ?»

«ደኅና ነኝ፣ የኔ ልጅ» አለ የትርሲት ድምፅ ከልጅቷ ትከሻ ላይ። «ምነው ድምፅሽ ተለወጠብኝ? ብቻሽን ነሽ?»

ሲፈን እዚያው ነጩ ሣር ላይ ተንበርክካ፣ አምስት ሳምንት ያመቀችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ትርሲት ሳታስበው ተነሥታ ወደ እሷ ተራመደች። የራሷ ድምፅ ቀደማት።

«አልቅሺ፣ አልቅሺ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ልጅቷ በእጇ ትከሻዋን ጨብጣ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ እንደማለት። ትርሲት ከደቂቃዎች በፊት ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ብላላት ነበር። ያኛው ድምፅ የትርሲት ልብ ሳይኖረው ያን ሁሉ ማጽናናት ከየት እንዳገኘው አሁን ገባት። ያገኘው ከእሷ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ልትለው ስትችል ሳትለው ከቀረችው።

የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ንግግሩ የእሷ ስላልነበረ ቆሞ መስማቱ ነውር መሰላት። ልጅቷ ስትጨርስ እንዲጠሯት ለአቶ ገመዳ ነገረቻቸውና፣ ሁለቱ ብቻቸውን እንዲሆኑ፣ ወደ መኪናው ሄዳ ገባች።